የሐጂ ይማም በር እና ኮሚቴው

በሕይወቴ ብዙ ነገር ሆኛለሁ። ተማሪ ሆኛለሁ፣ ተከራይ ሆኛለሁ፣ ለአጭር ጊዜም እጮኛ ሆኜ አውቃለሁ። ኮሚቴ የሆንኩት ግን ወሎ ውስጥ፣ መርሳ ከተማ ነው። የኮሚቴ አባል ማለቴ አይደለም፤ ኮሚቴ። ነገሩን ስጨርስላችሁ ይገባችኋል፤ እስከዚያው አንድ ሰው ብቻውን ኮሚቴ ሊሆን እንደሚችል እመኑኝና እንቀጥል።

አገሬ ሌላ ነው። መርሳ የተመደብኩት ለባህል ሥራ ነው ተብሎ ነው። ቢሮ ገብቼ ወንበሬን ካገኘሁ በኋላ ሥራውን ብዙ ፈለግሁት። በመጨረሻ ሥራው ራሱ መጣ፤ የከተማው አሮጌ ቤቶች እየፈረሱ በመስታወት ፎቅ መተካታቸው ያሳሰባቸው ሰዎች ተሰብስበው «የነባር ቤቶች ጥበቃ ኮሚቴ» አቋቋሙ። እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። የተመረጥኩበት ምክንያት እስክሪብቶ ይዤ መገኘቴ ነው።

ሰብሳቢያችን አቶ ታደሰ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። ከተማው ውስጥ ያለ አሮጌ ነገር ሁሉ ያሳዝናቸዋል፤ እርጅና ከመጣበት ሰው በቀር። ስብሰባ ደግሞ ነፍሳቸው ነው። ሻይ ቤት ገብተን አስተናጋጇ «ምን ልታዘዝ» ስትል እሳቸው ዞር ብለው «ሐሳብ ያላችሁ» ይሉናል። አንድ ጊዜ ስኳር ይብዛ ይነስ በሚለው ላይ ድምፅ ሰጥተን እናውቃለን። ልባቸው ግን ንጹሕ ነው፤ ይህን አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ በኋላ ትቀየሟቸዋላችሁ።

የኮሚቴው ዓይን ያረፈው በሐጂ ይማም ቤት ላይ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከገበያው በላይ ያለ ቤት ነው። ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ ሰገነት ያለው ፎቅ። ነጋዴ የነበሩት አባታቸው ናቸው ያሠሩት። ከቤቱ ሁሉ የሚበልጠው በሩ ነበር፤ የዋንዛ እንጨት፣ ባለ ሁለት ተከፋች፣ አበባ የተቀረጸበት። ማጠፊያ የሚባል ነገር የለውም፤ የእንጨት እግሩ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ነው የሚዞረው። ሲዞር ታዲያ ይጮሃል። ይጮሃል ስላችሁ ሲጢጥ ይላል ማለቴ አይደለም፤ ጥጃዋ የተወሰደባት ላም እንደምትጮኸው ነው።

ሐጂና ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ልጆቻቸው ሁሉ ዐረብ አገር ሄደውባቸው ሁለት ብቻ የቀሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሐጂ ሱብሒን፣ የንጋቱን ሶላት፣ ሰግደው ከመስጊድ ሲመለሱ በሩ ይጮሃል፤ ሰፈሩ ይነቃል። በሩን ጨርሶ የመዝጋት ልማድ የላቸውም፤ ገፋ አድርገውት ወደ ደረጃው ይሄዳሉ። ወዲያው ከሰገነቱ የእትዬ ዘሀራ ድምፅ ይመጣል። «ሐጂ፣ መለስ ያድርጉት፤ ንፋስ ይገባል።» ሐጂ ተመልሰው ይዘጉታል፤ በሩ እንደገና ይጮሃል። የዚያ ሰፈር ሰው ለሥራ የሚነሣው በዚህ ነበር፤ እኔም ጭምር፣ ተከራይቼ የምኖረው ከጀርባቸው ነበርና።

አንድ ቀን ሐጂ ቢሮ ድረስ መጡ። ጎረቤት ሁሉ አረንጓዴ የተቀባ የብረት በር አስገብቷል፤ እኔም ላስገባ ነው አሉ። አቶ ታደሰ ራሳቸውን ሊስቱ ምንም አልቀራቸው።

«ሐጂ፣ የብረት በር ያለው ቅርስ አይቼ አላውቅም» አሉ።

«እንግዲያው ግራሶ ልቀባውና ዝም ይበል።»

«ግራሶ እንጨቱን ያበላሻል። ደግሞስ ድምፁ ራሱ ነባር አይደለም እንዴ? አባትዎ ይሰሙት የነበረ ድምፅ እኮ ነው።»

«አባቴማ ጆሯቸው አይሰማም ነበር» አሉ ሐጂ።

በዚህ ጉዳይ ስብሰባ ተቀመጥን፤ ተነሣን፤ እንደገና ተቀመጥን። በመጨረሻ ውሳኔውን በሩ ፊት ቆሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከኮሚቴው ፈቃድ ውጭ በሩን መንቀል፣ መቀየርም ሆነ መቀባት ክልክል ነው። ድምፄን ወፈር አድርጌ ነበር ያነበብኩት፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሐጂ እስከ መጨረሻው አዳመጡና መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳረፉ።

«እሺ እንግዲህ። አማና ነው። እኔም ብሆን፣ ዘሀራም ብትሆን፣ ያለ እናንተ ፈቃድ አንነካውም።»

ሐጂ አማና ካሉ አለቀ። ጎረቤት አደራ ያስቀመጠባቸውን ዶሮ እንኳ ከራሳቸው አስቀድመው የሚያበሉ ሰው ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ስሜን አልጠሩኝም። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ኮሚቴ፣ እንዴት አደርክ?» ይላሉ። እትዬ ዘሀራም ተቀበሉት። ሰፈሩም ተከተለ። የጉልት ቸርቻሪዋ ሳትቀር «ኮሚቴ፣ ሽንኩርት አይወስድም?» ማለት ጀመረች።

ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ ከክረምቱ ጋር ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ ቆቦ ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ወልድያ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ማንም የሚነግረን አላስፈለገም፤ የከባድ መሣሪያውን ድምፅ በራሳችን ጆሮ እንሰማው ነበር። ዋናው መንገድ ፍራሽ በተሸከመ ሰው፣ በጋሪ፣ ላም በሚነዳ ገበሬ ሞላ። ሁሉም ወደ ውርጌሳ፣ ከዚያም ወደ ደሴ ነው።

አቶ ታደሰ ያን ቀን አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«በጦርነት ቅርስ አይነካም፤ የታወቀ ሕግ አለ» አሉኝ። «የኛ ችግር ቤቶቹ ቅርስ መሆናቸው አለመታወቁ ነው። ታፔላ እንለጥፍ።»

አሁን ሰው ሲሰማው ይስቃል። እኛ ግን አልሳቅንም፤ ሌላ ምን ማድረግ እንደምንችል አናውቅም ነበር። ቆርቆሮ ቆርጠን «ይህ ቤት ቅርስ ነው፤ መንካት ክልክል ነው» ብለን በሰማያዊ ቀለም ጻፍን። ሰው ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ውርጌሳ ሲሄድ እኛ መሰላል ተሸክመን ወደ ሰፈር ውስጥ እንገባ ነበር። የሚያልፉት ዞር ብለው ያዩናል፤ አንዷ ሴትዮ ልጇን አዝላ ስትሮጥ ቆም ብላ «እግዜር ይማራችሁ» ብላን ሄደች።

የመጨረሻው ታፔላ የሐጂ ይማም ቤት ነበር። አቶ ታደሰ ቤተሰባቸውን አይሱዙ ላይ ጭነው መጡና ከጋቢናው አንገታቸውን አውጥተው ውረድ፣ እንሂድ አሉኝ። እኔ መሰላል ላይ ነኝ። «አንድ ሚስማር ቀርታኛለች» አልኳቸው። ያችን ሚስማር እስከ ዛሬ አልረሳትም። ታፔላው እንዳይጣመም አስተካክዬ፣ ወደ ኋላ ሸሸት ብዬ አይቼ፣ ስወርድ አይሱዙው የለም። ከኋላው የሚገፋው ሰውና መኪና አላስቆመውም ነበር። የኮሚቴው ማኅተምም አቶ ታደሰ ኪስ ውስጥ ሆኖ ሄደ።

በእግሬ ተከተልኩ። ከከተማው ብዙም ሳልርቅ መንገዱ ተቆርጧል እያሉ የሚመለሱ ሰዎች ገጠሙኝና ከነሱ ጋር ተመለስኩ። ሐጂ በራቸው ላይ ቆመው ነበር።

«ሐጂ፣ እርስዎስ ለምን አልሄዱም?»

«በዚህ እግሬ የት ልድረስ? ደግሞ አማናችሁን ለማን ጥዬ ልሂድ?» አሉና ታፔላውን ቀና ብለው አዩት። «ቀጥ ብሏል። ማሻአላህ። በል ግባ፣ ኮሚቴ።»

እንዲህ ሆኜ ነው ኮሚቴውን ጠቅልዬ የያዝኩት። ከተማዋ በታጣቂዎች እጅ ገባች፤ መብራት ጠፋ፤ ስልክ ጠፋ፤ ወፍጮ ቆመ። የሐጂ ቤት ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ የሰፈሩ ሰው ምድር ቤቱ ውስጥ ተጠለለ። ሙስሊሙ አንድ ጥግ ይሰግዳል፣ ክርስቲያኑ ሌላ ጥግ ያማትባል፣ ሁላችንም የምንለምነው አንድ ነገር ነው። በሩ ያን ጊዜ ጠቀመን። ማንም ሳያስጮኸው አይገባበትምና ሰው ሲመጣ ሴቶቹ የቀረችውን ዱቄት ለመደበቅ ጊዜ ያገኙ ነበር።

ታፔላው ግን ጉድ ሠራን። ሌላውን ቤት ፈትሸው ይሄዳሉ፤ የኛን ተመላልሰው ፈተሹት። አንደኛው ታጣቂ ቆሞ በጥሞና አነበበውና «ቅርስ ከሆነ ወርቁ የት ነው?» አለኝ። ቅርሱ ቤቱ ራሱ እንደሆነ አስረዳሁት። የታሪክ መምህር ሆኜ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ስለ ዋንዛ እንጨትና ስለ ቀረጻ ረጅም ንግግር አደረግሁ። ጨርሶ ሰማኝ፤ ከዚያ የሐጂን ሬዲዮና ብርድ ልብሶቹን ይዞ ሄደ። ሐጂ ሳቁ።

«ኮሚቴው እንግዳ አበዛልኝ» አሉ።

ታፔላውን ልንቀለው ብዬ መሰላል ሳነሣ ከለከሉኝ። የተጻፈው እውነት ነው፤ እውነትን አይነቅሉትም ብለው ነው።

የምነግራችሁ ነገር እዚህ ላይ መክበድ ይጀምራል። ሐጂ የስኳር በሽተኛ ነበሩ፤ በየቀኑ መርፌ ይወጋሉ። መብራት ከጠፋ ወዲህ እትዬ ዘሀራ መድኃኒቱን በውሃ በራሰ ጨርቅ ጠቅልለው ማሰሮ ውስጥ ያስቀምጡት ነበር። እየቆጠቡ ሰጡ፤ እየቀነሱ ሰጡ፤ አለቀ። እኔ ፍለጋ ወጣሁ። መድኃኒት ቤቶቹ መደርደሪያቸው እንኳ የለም። ጤና ጣቢያው ውስጥ ያገኘሁት የወለቀ አልጋ ነው። ሐራ ከተማ አንድ ሰው ጋ አለ አሉ፤ ወደ ሐራ የሚያሳልፍ የለም። ባዶ እጄን ስመለስ በሩ ጮኸ፤ እትዬ ዘሀራ ከደረጃው ላይ ሆነው እጄን አዩና ተመልሰው ገቡ።

ሐጂ ግን ቀልዳቸውን አልተዉም። አንድ ቀን ሴቶቹ በከተማው ስኳር ጠፋ ብለው ሲያወሩ ሰምተው ከተኙበት «እኔ ውስጥ ሞልቶ የለ እንዴ፣ ለምን አትቀዱም?» አሉ። ሴቶቹ እየሳቁ አለቀሱ። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ብርዱ መግባት ሲጀምር፣ በሱብሒ ሰዓት፣ ተቀምጠው እየሰገዱ ሐጂ አረፉ። እትዬ ዘሀራ አጠገባቸው ነበሩ። «ሰግደው ጨርሰዋል» ብቻ ነው ያሉን።

ሙስሊም ሲሞት አይቆይም፤ በዕለቱ መቀበር አለበት። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ሙሄ መጡ። ቅሬ ወሎ ውስጥ ሞት ሲመጣ ሰፈሩን የሚያቆመው ማኅበር ነው፤ ሙስሊም ክርስቲያን አይልም። ሰዎቹ ተከፋፍለው ጉድጓዱን ቆፈሩ። ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ሟች በጎኑ ከተጋደመ በኋላ አፈሩ እንዳይነካው በላዩ ጣውላ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረደራል። ቅሬው ለዚሁ ብሎ ያስቀመጠውን ጣውላ ታጣቂዎቹ ምሽግ ሊያለብሱበት ወስደውታል። ባሕር ዛፉም ድንጋዩም ያለው ተራራው ላይ ነው፤ ተራራው ላይ የወጣ አይመለስም። የየቤቱ አጥርና ቁም ሣጥን ደግሞ ማገዶ ሆኖ ካለቀ ቆይቷል።

ጋሽ ሙሄ ቤቱን ዙሪያውን አዩ። ዓይናቸው በሩ ላይ ቆመ። ሁላችንም አየነው።

«እትዬ ዘሀራ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሌላ እንጨት የለም።»

እትዬ ዘሀራ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሆንም። ሐጂ ለኮሚቴው አማና ገብተዋል። ያለ ፈቃድ አንነካውም ብለዋል፣ የኔንም ስም ጠርተው። ዛሬ አማናቸውን አፍርሼ ልሸኛቸው? ወላሂ አላደርገውም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ኮሚቴው ከፈቀደ ግን ይሁን።»

ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምን ባልኩ ጥሩ ነው? «እፈቅዳለሁ» ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ብቻዬን መወሰን አልችልም፤ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም።»

ልማድ ክፉ ነው። አስከሬን ፊት ቆሜ እንዲህ አልኩ። ጋሽ ሙሄ ግን አልተቆጡኝም።

«ስንት ሰው ሲሆን ነው የሚሞላው?»

«ከግማሽ በላይ አባል።»

«የቀሩት አባላት ሸሽተዋል። እዚህ ያለው ሁሉ አባል ሆኖ ይግባ። ጻፍ፣ ኮሚቴ።»

የምጽፍበት ወረቀት አልነበረኝም፤ አልጻፍኩም። ብቻ ምድር ቤቱን አየሁት። ልጃቸውን ያቀፉ እናቶች፣ የጉልት ቸርቻሪዋ፣ በጥይት እግሩ የቆሰለ ጎረቤት፣ መቋሚያቸውን የተደገፉ አንድ የኔታ። አቶ ታደሰ የሚሉትን ነው ያልኩት፤ ሌላ አላውቅማ። «የሐጂ ይማም በር ከቦታው ተነሥቶ ከባለቤቱ ጋር እንዲሄድ የምትደግፉ እጃችሁን አንሡ» አልኩ። ድምፄ ያን ቀን አልወፈረም።

እጅ ሁሉ ተነሣ። የእትዬ ዘሀራ ብቻ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

«እትዬ፣ ይቃወማሉ?» አልኳቸው።

«ባነሣው ሐጂን ይሂዱ ያልኳቸው ይመስለኛል፤ ባላነሣው ደግሞ ያለ ክዳን ይቅሩ ያልኩ ይመስለኛል። እጄ እንዲሁ እዚህ ይሁን፤ እናንተ እንደፈለጋችሁ ቁጠሩት።»

ድምፀ ተአቅቦ ነው ብዬ ቆጠርኩት። በሩን እኔና ጋሽ ሙሄ ከድንጋዩ ጉድጓድ ነቀልነው። ሲነቀል አንድ ጊዜ ጮኸ፤ እትዬ ዘሀራ ጆሯቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። በአንደኛው ተከፋች ተሸክመን አወጣናቸው፤ ቃሬዛም ተወስዶ ነበርና። ሐጂ ከቤታቸው በሩ ሳይጮህ የወጡት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ አበባ የተቀረጸበትን ፊት ወደ እሳቸው አድርገን በላያቸው ደረደርነው። አፈሩን ስንመልስ አለቀስኩ። አሁንም ሳወራው አለቅሳለሁ፤ ይቅርታችሁን።

ከተማዋ ነጻ ስትሆን አቶ ታደሰ ተመለሱ። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል፤ የገዛ ቤታቸው ተዘርፎ ባዶ ሆኖ ነበር ያገኙት። ቢሆንም እሱን ትተው ሊያዩ የመጡት የሐጂን ቤት ነው። በሩ የነበረበት ቦታ ሸራ ተጋርዷል። ታፔላው ከላዩ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«በሩ ተዘረፈ?» አሉ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። 

«በምን ድምፅ ተወሰነ?»

«በሙሉ ድምፅ፤ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ።»

«ስለዚህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው» አሉ። ማኅተሙን ከኪሳቸው አውጥተው ሲያገላብጡት ቆዩና መልሰው ከተቱት። ከዚያ ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። እኔ ዞር ብዬ ታፔላውን አነበብኩ፤ ሌላ የማየው ስላልነበረ።

ኮሚቴው እንደገና ሲሰበሰብ የመጀመሪያው ውሳኔ የብረት በር ሆነ። ወልድያ የሚሠራ በያጅ ተገኝቶ አሠራን፤ አረንጓዴ ቀለም አስቀባን፤ ልክ ሐጂ እንደተመኙት። ተገጠመ፤ ተከፈተ፤ ተዘጋ። ቅንጣት ድምፅ የለውም። አቶ ታደሰ አመስግነው ከፈሉ።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ዘሀራ ቢሮ መጡ። ልክ ሐጂ በተቀመጡበት ወንበር ተቀመጡ።

«አላህ ይስጣችሁ፤ በሩ ጥሩ ነው። ግን አይናገርም። ሰው ገብቶ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ አጠገቤ ሲቆም ነው የማየው። ሐጂ ሲሞቱ እዚያው ነበርኩ፤ ጀናዛውን አይቻለሁ፤ አውቃለሁ። ግን ሱብሒ ላይ ጆሮዬ ይጠብቃል። ምንም አይመጣም። እናንተ የድሮ ነገር ትጠብቁ የለም ወይ?»

አቶ ታደሰ «ሐሳብ ያላችሁ» አላሉም። ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ። ከወንዙ ዳር አሸዋ በመሐረባቸው ቋጥረው መጡ፤ እዚያው በሩ ሥር ተንበረከኩ። ግራሶ ያስከለከሉት ሰውዬ የብረቱን ማጠፊያ ግራሶ በጨርቅ ጠርገው አሸዋ ሲያስገቡበት ቆሜ አየሁ። እኔ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። እትዬ ዘሀራ ሰገነቱ ላይ ናቸው።

«አሁንስ?» ይላሉ አቶ ታደሰ ቀና ብለው።

«አይ፣ ይኼ ቀጠነ።»

አሸዋ ጨመሩ። «አሁንስ?»

«የሐጂ ወፈር ይል ነበር።»

የበሩን ላይኛውን ማጠፊያ ትንሽ አላላነው። እንደገና ከፈትኩት። ጮኸ፤ የብረት ጩኸት ነው፣ የዋንዛው አይደለም፣ እንኳን እትዬ ዘሀራ እኔም አልተሳሳትኩትም። በሩን በእጄ ገርበብ አድርጌ እንደያዝኩ መልሳቸውን ጠበቅን።  አቶ ታደሰ «አሁንስ?» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ የእትዬ ዘሀራ ድምፅ ከላይ መጣ፤ ከእኛ ጋር የሚያወሩበት ድምፅ አልነበረም።

«ሐጂ፣ መለስ ያድርጉት፤ ንፋስ ይገባል።»

አቶ ታደሰ ከተንበረከኩበት ተነሡና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።